የሸዋዬ አምሮት

እኔ ሹፌር ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አሰላ ውስጥ አሳ አጥማጅ የምመስላቸው ሰዎች ስላሉ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እንግዳ ጭኜ ወደ ጋላማ ተራራ ስወጣና ስወርድ ኖሬ፣ እስካለፈው ዓመት ድረስ መንጠቆ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። ከአሳ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ከመኪናዬ ወንበር አልለቅ ያለው ሽታና በሱ የተነሳ ከሚስቴ ከነቢላ ጋር የተነታረኩት ንትርክ ነው።

የአሳው ሰው ግዛቸው ነው። እሱም ቢሆን አጥማጅ ከምለው አስጠማጅ ብለው ይሻላል። እንግዶቹ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ድሮ ፈረንጆች ብቻ ነበሩ፤ አሁን አሁን የእኛው ወጣቶችም በቴሌግራም እየተጠራሩ መምጣት ጀምረዋል። እኔ አሰላ ላይ እቀበላቸውና ወደ ላይ እነዳለሁ። ከሳጉሬ በላይ፣ የገብሱ ማሳ አልቆ አስታና ጅብራ የሚባሉት የደጋ ዕፅዋት በሚጀምሩበት ብርዳም ቦታ አንድ ጅረት አለ። ስሙን አልናገርም፣ ግዛቸው ይጣላኛል። በንጉሡ ጊዜ ፈረንጆች አምጥተው የለቀቁት ትራውት የሚባል አሳ እዚያ ውስጥ ይኖራል። ጎኑ ላይ ጠቃጠቆ አለበት፣ ሆዱ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ጥላ ባየ ቁጥር ድንጋይ ሥር የሚወሸቅ ፈሪ ፍጥረት ነው።

የዚያን አሳ ጠባይ እንደ ግዛቸው የሚያውቅ የለም። እንግዳውን ከኋላው ያስከትልና ጎንበስ እያለ ዳር ዳሩን ይወስደዋል። ከዶሮ ላባ የሠራትን የውሸት ዝንብ መንጠቆው ላይ አስሮ ይሰጠውና የት እንደሚወረውር በሹክሹክታ ይነግረዋል። እኔ ያን ጊዜ መኪናው ውስጥ ማሞቂያ ከፍቼ ሬዲዮ እሰማለሁ።

ሥራው ግን እብደት አለበት። እንግዳው ስንት አገር አቋርጦ መጥቶ፣ ጉልበቱ ድረስ በረዶ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ አሳውን ይይዛል። ከዚያ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ መልሶ ይለቀዋል። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ያመለጠው መስሎኝ «አይዞህ ወንድሜ፣ ሌላ ትይዛለህ» ብዬ ፈረንጁን አጽናንቼዋለሁ። ግዛቸው በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ከብቶቻቸውን እዚያ መስክ ላይ የሚያሰማሩት ሽማግሌ፣ ኦቦ ሀይሉ፣ ግን አልሳቁም። በትራቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና «ካልበላችሁት አፉን ለምን ትቀዱታላችሁ? ኩን ጩቡዳ» አሉን። ኃጢአት ነው ማለታቸው ነው። ቀጠሉና ደግሞ በአማርኛ «ጡር አትፈሩም?» ብለው ጠየቁን። እኛ ወደ ሥራችን ተመለስን፣ ረሳነውም።

ግዛቸው አንድ ሕግ ነበረው። የሚለቀቀው ከንፈሩ ላይ የተያዘው ብቻ ነው። መንጠቆውን እስከ ጉሮሮው የዋጠ አሳ ቢለቁትም አይተርፍም፣ ስለዚህ እንዲህ ያለው ለምግብ ወደ ግዛቸው ቤት ይሄዳል። ቤት ሲደርስ ሸዋዬ ትጠብሰዋለች። ሸዋዬ ሚስቱ ናት፣ በዕድሜ ትንሽ ስለምትበልጠኝ እኔ እትዬ እላታለሁ።

እኔ እስላም ነኝ፣ እነሱ ክርስቲያን ናቸው። አባቴ ከስልጤ መጥቶ አሰላ ሱቅ ሲከፍት የግዛቸው አባት ጎረቤቱ ነበሩ፣ አብረን ነው ያደግነው። ሆኖም በዓል ሲመጣ እነሱ ቤት ለእኔ የሚቀርበው ሽሮ ነው፣ እኛም ቤት ለሱ የሚቀርበው ሽሮ ነው። አንዳችን የአንዳችንን ሥጋ አንበላም። አሳ ግን አይታረድም። ማን አረደው፣ ምን ብሎ ባረከው የሚባል ጣጣ የለበትም። መንጠቆ የዋጠ አሳ የተገኘ ቀን ሁለታችን ከአንድ ሳህን እንበላ ነበር። ሸዋዬ ቃሪያና ሎሚ አቅርባ፣ በሩ አጠገብ ቆማ፣ «እናንተ አብራችሁ ሥጋ እንድትበሉ አሳ መሞት አለበት» እያለች ትስቅብናለች። እሷ ቀምሳውም አታውቅም። ዓይኑ እያየኝ አልበላም ትል ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ሸዋዬ እንጀራ ይተናነቀኝ ጀመር አለች። ቀስ ብለሽ ብዪ አልናት፣ ማን ነው የሚያባርርሽ ብለንም ቀለድንባት። ቀጥሎ እንጀራውን በውሃ ማወራረድ ጀመረች። ቀጥሎ አጥሚት ብቻ ሆነ። እምቢ አልሄድም ስትል ከርማ ሆስፒታል የወሰድናት የገና በዓል ካለፈ በኋላ ነው። ዶክተሯ ግዛቸውንና እኔን ውጭ ጠርታ የምግብ ቧንቧዋን ካንሰር ይዞታል አለችን። እዚህ አካባቢ ብዙ እናያለን፣ የሸዋዬ ግን በጣም ገፍቷል፣ ከእንግዲህ ሕመሙን ማስታገስ ነው አለችን። ደግ ልጅ ናት፣ ስትነግረን የግዛቸውን ትከሻ ይዛ ነበር።

ግዛቸው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ሊያለቅስ ነው ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አላለቀሰም።

«ጉሮሮዋን» አለ። «ከሁሉ ቦታ ጉሮሮዋን።»

«በሽታ ቦታ አይመርጥም።»

«ኦቦ ሀይሉ ነግረውን ነበር፣ ሰላሁዲን።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ሲገባኝ ደሜ ፈላ። «አብደሃል? ጡር ከሆነ ለምን በአንተ ጉሮሮ አልመጣም? እሷ ጠብሳ ከማብላት ሌላ ምን አደረገች?» አልኩት።

«ጡር በምትወደው ነው የሚመጣብህ» አለኝ።

 ይህ ንግግሩ እስከ ዛሬም ያናድደኛል። ዕድሜ ልኩን ጉንዳን ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ አሳ ሲይዝ እንኳ በደረቅ እጅ ከነካሁት ቆዳው ይላጣል ብሎ መጀመሪያ እጁን የሚያርስ ሰው፣ ሚስቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ብሎ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ወሩ በገባ በአቦ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ተሳለ። አቦ ከአንበሳና ከነብር ጋር የኖሩ ጻድቅ ናቸው፣ የእንስሳ ነገር የሚመለከተው እሳቸውን ነው አለኝ። ስለቱ ደግሞ ሸዋዬን ቢምሩለት ዳግመኛ መንጠቆ በእጁ ላይነካ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የማጥመጃ ዘንጎቹን፣ ክሩን፣ የላባ ዝንቦቹን የያዘውን ቆርቆሮ ሁሉ ጠቅልሎ እኔ ቤት አመጣው። ለሸዋዬ እንዳልነግር አስማለኝ። እንግዳ ጠፋ፣ ሥራ ቀዝቅዟል ብያታለሁ አለ። እኔም ለሸዋዬ አልነገርኩም። የነገርኩት ለነቢላ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግዛቸው ከሸዋዬ አልጋ ራስጌ አልነሳ አለ። አንድ ልጃቸው ዳናዊት አቦምሳ አስተማሪ ናት፤ ፈቃድ ጠይቃ መጥታ እናቷን ታስታምም ነበር። እሱ ግን ለእሷም ቦታ አይለቅም። ሸዋዬ በማንኪያ ውሃ ሲሰጧት ዓይኑን ጉሮሮዋ ላይ ተክሎ፣ እሷ ልትውጥ ስትታገል እሱም አብሯት ይውጣል። እሱ ራሱ መብላት ትቶ ነበር። ነቢላ ሽሮም ምስርም ሠርታ ትጠራዋለች፣ መጥቶ አንድ ሁለቴ ይጎርስና «አልወርድ አለኝ» ብሎ ይነሳል። ሱሪው ወገቡ ላይ በገመድ እስኪታሰር ከሳ።

አንድ ቀን ጠዋት ልጠይቃት ገባሁ። ሐሙስ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ከመስኮቱ ውጭ እየተጯጯሁ ያልፋሉ። ሸዋዬ ትራስ ተደግፋ ነበር፣ ፊቷ ግማሽ ሆኗል። እኔን ስታይ ፈገግ አለችና ወደ ባሏ ዞረች።

«ግዛቸው፣ አሳ አማረኝ።»

 ዳናዊት የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች።

«መረቁን ብቻ። ቀምሼ እተፋዋለሁ» አለች ሸዋዬ።

«ምን ችግር አለው እትዬ፣ ዝዋይ ቅርብ ነው፣ አሁኑኑ ነድቼ ነጭ አሳ አመጣልሻለሁ» አልኳት።

«የዝዋዩን አይደለም» አለች። ትንፋሽ ወሰደችና ጨመረች፣ «የእሱን ወንዝ።»

ግዛቸው ተነስቶ ወጣ። ተከተልኩት። ጓሮ የእንጨት አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ አገኘሁት። የታመመ ሰው አምሮት እንደማይነፈግ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አምሮቱን ሳያገኝ የሄደ ሰው፣ የከለከለውን ሰው ዕድሜ ልኩን ሲቆጨው ይኖራል።

«ብሄድ ስለቴ ይፈርሳል፣ ትሞትብኛለች» አለኝ። «ባልሄድ እንዳማራት ልትሞት ነው። ምን ላድርግ?»

ሹፌር መንገድ ሲዘጋ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። «መንጠቆ በእጄ አልነካም ነው ያልከው አይደል?» አልኩት። «በአፌ አልናገርም ብለህ አልተሳልክም። እኔ እይዛለሁ፣ አንተ ዳር ቆመህ ትነግረኛለህ። እንደ እንግዳ ቁጠረኝ።»

 እጁን ከአጥሩ ላይ አነሳ።

በማግስቱ ጠዋት ወጣን። በጋው ጅረቱን አሳንሶት ነበር፣ ድንጋዮቹ ራቁታቸውን ቀርተዋል። ግዛቸው እጆቹን ከኋላው አጣምሮ፣ እንደ ታሰረ ሰው፣ ከጎኔ ቆመ። እኔ ዘንጉን ያዝኩ። መጀመሪያ የያዝኩት የራሴን ጃኬት ነው። ቀጥዬ የአስታ ቁጥቋጦ ያዝኩ። ቀጥዬ የግዛቸውን ባርኔጣ ከራሱ ላይ አነሳሁት፣ በዚያ ሁሉ መከራ መሀል ሁለታችንም ሳቅን።

«ከትከሻህ አትወርውር። ከክርንህ ነው» አለኝ። «ውሃውን አትምታው። ያ ጥቁር ድንጋይ ይታይሃል? ከሱ በላይ ጣላትና ውሃው ራሱ ያምጣት። አንተ ምንም አታድርግ። ዝንብ ምን ታደርጋለች? ምንም አታደርግም፣ ውሃው ይወስዳታል።»

ይህን ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር። እኔ ሁልጊዜ መኪና ውስጥ ነበርኩ። ሰዎች ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጡት ለአሳው ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። ሲናገር ዓይኑ ውሃው ላይ ነው፣ ፊቱ ላይ ደም ተመልሷል፣ ጥቂት ሰዓት የሸዋዬን ጉሮሮ ረሳ። ደስ አለኝ፣ ደስ ስላለኝም አፈርኩ።

ጉሙ ወርዶ ሲሸፍነን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«እትዬ ሸዋ አሳ በልታ ታውቃለች እንዴ?» አልኩት።

«አታውቅም።»

«ታዲያ?»

«የታመመ ሰው ነው። ምን እንደሚያምረው ማን ያውቃል?» አለ፣ እኔም ተውኩት።

ጉሙ ሲነሳ አሳው ያዘልኝ። ዘንጉ ከእጄ ሊወጣ ሲል ግዛቸው «ልቀቅለት፣ ልቀቅለት፣ አሁን ሳብ» ይለኛል፣ እኔ ግን የምሰማው ነገር የለም፣ እምቢ ያለ በሬ እንደሚጎትት ሰው እየጎተትኩ ዳር አወጣሁት። ትልቅ ነበር። ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ይሆናል። አፉን ሲከፍት መንጠቆው ከንፈሩ ላይ የለም። ክሩ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጉሮሮው ድረስ ውጦታል።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። «ይሄ የሚበላው ነው። አምላክ ራሱ ነው የሰጣት።»

ግዛቸው ከአሳው አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። አሳው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። ምን እንዳየ አውቃለሁ፤ በማንኪያ ለሚሰጥ ውሃ የሚከፈት አፍ እኔም በቀደም አይቻለሁና።

እጆቹን ውሃ ውስጥ ነክሮ አራሰ። ከእኔ ጃኬት ኪስ የመንጠቆ መንቀያውን ፒንሳ መዘዘ።

«ተው» አልኩት። «ግዛቸው፣ መንጠቆ ነው። ተው።»

አልሰማኝም። በአንድ እጁ አሳውን ይዞ ፒንሳውን ቀስ ብሎ ወደ ጉሮሮው አስገባ፣ አዞረው፣ ጠበቀ፣ እንደገና አዞረው። መንጠቆው ከደም ጋር ወጣ። ከዚያ አሳውን ወደ ውሃው መልሶ፣ ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ ያዘው። ለረጅም ጊዜ ያዘው። እጁ ከብርዱ የተነሳ ሰማያዊ ሆነ። አሳው ጎኑ ላይ ሊወድቅ ሲል ያቃናዋል፣ ሊወድቅ ሲል ያቃናዋል። በመጨረሻ ጭራው ተነቃነቀ። ግዛቸው እጆቹን ከፈተ፣ አሳውም ሄደ።

እኔ ጮህኩበት። የሚባለውንም የማይባለውንም አልኩ። «አይተርፍም እኮ» አልኩት። «አንተው ነህ ያልከው፣ የዋጠ አይተርፍም።»

«እሱን ለእኔ አትንገረኝ» አለኝ። እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሮኝ አያውቅም።

ከዚያ ወደ እጁ አየ። አንዱ እጁ ፒንሳውን ይዟል፣ በሌላኛው መዳፉ ላይ መንጠቆው አለ። እዚያው ውሃው ውስጥ ቁጭ አለ።

«ነካሁት» አለ። «ሰላሁዲን፣ ነካሁት።»

ዘንጉን ጠቅልዬ ወደ አሰላ ነዳሁ። ሳጉሬ ላይ አንድ የማውቀው ሹፌር ጡሩምባ ነፋልኝ፣ አልመለስኩለትም።

ሸዋዬ ነቅታ ጠበቀችን። ግዛቸው ከነእርጥብ ልብሱ አልጋው አጠገብ ተንበረከከና ሁሉንም ነገራት፤ የኦቦ ሀይሉን ቃል፣ ለአቦ የተሳለውን፣ የወንዙን። «ስለቱን አፈረስኩ፣ ባዶ እጄንም መጣሁ» አለ። «አምሮትሽንም አላመጣሁልሽ፣ አንቺንም አጣሁሽ።» ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። ከሆስፒታሉ ደረጃ ጀምሮ የጠበቅኩት ልቅሶ ያን ጊዜ መጣ።

ሸዋዬ እስኪበርድለት ጠበቀችውና «ስለቱን አውቃለሁ» አለች። «ነቢላ ነግራኛለች።»

እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ዞር ብላ አየችኝና በዓይኗ ሳቀችብኝ።

«አሳ መቼ በልቼ አውቃለሁ፣ ግዛቸው?» አለችው። አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገርና ታርፋለች። «ይህ በሽታ አይለቀኝም። እኔ አውቀዋለሁ። ስለትህን ጠብቀህ እኔ ብሞት፣ ከአቦ ጋር ተጣልተህ ልትቀር ነው። ወንዙንም ልትተው ነው። እዚህ ባዶ አልጋ ሥር ቁጭ ልትል ነው።»

«ሸዋዬ፣ ተይ።»

«ስማኝ። ወደ ወንዙ የላክሁህ እኔ ነኝ። መንጠቆውን ያስነካሁህ እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም። ጡር ካለ ይዤልህ እሄዳለሁ።»

ዳናዊት አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ድሮ ዘንጎቹ የሚሰቀሉበት ምስማር እዚያ ባዶውን ተሰክቶ ነበር።

«አሁን አሳውን ንገረኝ» አለችው።

ነገራት። መጠኑን በእጁ አሳያት፣ የጎኑን ጠቃጠቆ ነገራት፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር እንዴት እንደወጣ፣ እኔ እንዴት ባርኔጣውን እንዳጠመድኩት ነገራት። ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ሲጨርስ «ሄደ ግን?» አለችው።

«ሄደ።»

«እንኳን ሄደ» አለች።

ፋሲካ ሳይደርስ ሞተች። አቦ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው፣ ስሙን አልጠራም፣ ጎረቤቱን ጠጋ ብሎ «አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ሲል ሰማሁት። ተረት በቦታው ያምራል፣ ያ ቦታው አልነበረም። ክንዱን ይዤ ወደ ውጭ አወጣሁትና መንገዱን አሳየሁት። ከለቀስተኛ ጋር የተጣላሁት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ አልተጸጸትኩም።

ግዛቸው ግን አሁንም አልበላ አለ። ዳናዊት ሥራዋን መልቀቅ ስለማትችል አቦምሳ ተመልሳ በየቀኑ ትደውልልኛለች፣ «ጋሼ፣ አባዬ በላ?» ትለኛለች። በላ እላታለሁ። ውሸት ነው። ነቢላ የሠራችውን ወስጄ ፊቱ አስቀምጥለታለሁ፣ ይቆርሳል፣ ያላምጣል፣ ያላምጣል፣ ከዚያ ዞር ብሎ ይተፋዋል። የሸዋዬ ጉሮሮ ወደ እሱ የዞረ መሰለኝ። ሆስፒታል ወሰድኩት፣ ምንም የለበትም አሉኝ። ምንም የለበትም የተባለ ሰው ከዓይናችን ሥር እያለቀ ነበር።

አርባዋ ከወጣ በኋላ አንድ ጠዋት በሬን አንኳኳ። ግባ ብለው አልገባም።

«ዘንጎቼን ስጠኝ» አለኝ።

ነቢላ ከእኔ ቀድማ አመጣችለት። እንግዳ አልነበረንም፣ ሁለታችን ብቻ ወጣን። ወንዙ ዳር ተቀምጦ የመንጠቆዎቹን ጥርስ በፒንሳው እየጨፈለቀ አስተኛቸው፣ ሲወጡ ሥጋ እንዳይቀዱ። ከዚያ ገባ። እኔ ያን ቀን መኪናው ውስጥ አልተቀመጥኩም። ያዘ፣ ለቀቀ። ያዘ፣ ለቀቀ። ከሰዓት ላይ የመጣው ግን የዋጠ ነበር። ግዛቸው አሳውን ይዞ ረጅም ጊዜ አየው፣ እኔም እሱን አየሁት። ከዚያ ድንጋይ አነሳና በአንድ ምት ገላገለው።

ቤቱ ሄደን ራሱ ጠበሰው። አንዱን ጎን አሳረረው፣ ሌላው ጎን አልበሰለም። ቃሪያ የለም፣ ሎሚ የለም። አንድ ሳህን መሀላችን አስቀመጠና ተቀመጥን፣ ሁለታችንም ወደ በሩ ላለማየት አንገታችንን ደፍተን። ቢስሚላህ አልኩ። እሱ አማተበ። ቁራሽ አንስቶ ጎረሰና ማላመጥ ጀመረ። ሳላውቀው ዓይኔን ጉሮሮው ላይ ተክያለሁ። እሱ ሲታገል እኔም ባዶ አፌን አብሬው እውጣለሁ።

ዋጠው።

«ጨው አንሶታል» አለና ሁለተኛ ቆረሰ።

እናንተ አብራችሁ ሥጋ እንድትበሉ አሳ መሞት አለበት ትለን የነበረችው ትዝ አለችኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፣ ግን እየበላ ነበር፣ ተውኩት። የእኔው ጉርሻ አልወርድ አለኝ።